መጋቢት የማያልፍበት ፀጉር ቤት

«እናቴ፣ ይኼ ወንበር ከወለሉ ጋር ተበይዷል እንዴ? ንቅንቅ አይልም እኮ!» አለ ማሳኖሪ፣ ተንበርክኮ የወንበሩን እግር እየገፋ።

ኪኑዮ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ የሻይ ስኒዎቹን እያጠበች ነበር። መነኩሴው ገና መውጣታቸው ነው። በየሰባት ቀኑ ይመጣሉ፤ የባሏ የቶኩጂ አመድ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ፊት ጸሎታቸውን ያዜማሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አውርተው ይሄዳሉ።

«አባትህ በብሎን አስሮት ነው» አለች። «አንዱ ሰካራም ዓሣ አጥማጅ ከነወንበሩ ከተገለበጠ ወዲህ።»

«እንግዲህ አፍራሾቹ ይንቀሉታ።»

አፍራሾቹ! ኪኑዮ የታጠበውን ስኒ ደግማ አጠበችው። ማሳኖሪ ክፉ ልጅ አይደለም። ኦካያማ ከተማ ሰፊ ቤት አለው፣ ሚስቱም ደግ ናት፤ እናቱን በዚህች የዓሣ አጥማጆች ከተማ በቶሞሪ ብቻዋን ትቶ መሄድ አልሆንልህ አለው። አመዱ መቃብር ሲገባ ሐዘኑ ያበቃል፤ ያኔ ፀጉር ቤቱ ይፍረስ፣ እሷም ከእኔ ጋር ትኑር ብሎ ወስኗል። አፍራሹ ቁርጡን ዛሬ ይጠብቃል፤ ማሳኖሪ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ሊደውልለት ነው። ኪኑዮም «እሺ» ልትል ቆርጣለች። ለምን ቢሏት መልሷ አጭር ነው። በአንድ የካርቱን ፊልም ሰበብ ቤቱን ያዘወትሩ ከነበሩት ልጆች አንዳቸውም ለቅሶ አልደረሱም።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ዝምተኛ ሴት ነው። ከጀልባ ወርዳ፣ አስፈቅዳ፣ መስታወቱን፣ ወንበሩን፣ የቅባት ጠርሙሶቹን ሳይቀር ፎቶ አንስታ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትስል ዋለች። ቶኩጂ ስትወጣ ጠብቆ «ከግብር ቢሮ ተልካ ይሆን እንዴ?» አለ። ግብር ቢሮ ቢሆን ይሻል ነበር። ዓመት አለፍ ብሎ ሰው ሁሉ የሚያየው ተከታታይ የካርቱን ፊልም መጣ፤ በመጨረሻው ክፍል ጀግናዋ ልጅ ከተማዋን ጥላ ከመሄዷ በፊት ረጅም ፀጉሯን የምትቆረጠው በቶኩጂ ወንበር ላይ ነው። መስታወቱ ጥግ ላይ ያለችው ስንጥቅ እንኳ አልቀረችም።

ከዚያማ ወጣቶቹ በየጀልባው ይጎርፉ ጀመር። በስልካቸው ላይ ያለውን ሥዕል ከግድግዳው ጋር እያስተያዩ «ትንሽ ወደ ግራ! ኧረ ዝቅ በል!» እየተባባሉ ያነሳሉ። ሴቶቹ ደግሞ እንደዚያችው ልጅ ቁረጠን አሉ። ቶኩጂ ዕድሜ ልኩን የዓሣ አጥማጅ ጭንቅላት ሲከረክም የኖረ ሰው ነው፤ የሴት ፀጉር የት ያውቃል? ቴሌቪዥኑን እያስቆመና ወደኋላ እየመለሰ የካርቱኑን ሽማግሌ ፀጉር ቆራጭ እጅ ሲያጠና ከረመ። መሞከሪያው ማን ሆነ? ኪኑዮ ናታ! በዚያ በጋ ከነሽበቷ የተማሪ ልጅ ቁርጥ ይዛ ዞረች፤ ጎረቤቷ ወይዘሮ ሃማዳ ባየቻት ቁጥር «ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» እያለች ትስቅባት ነበር።

የካርቱኑ ፀጉር ቆራጭ ወሬኛ ነው። ቶኩጂ ደግሞ ድንጋይ። ግን እነዚያ ልጆች ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ድንጋይ ሲያገኙ ፊታቸው ጠቆር ሲል አላስችል አለው፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «ባሕሩ እንዴት ይዟችሁ መጣ?» ማለት ተለማመደ። ኪኑዮ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ እያየችው በሳቅ ትሞታለች። ከሳቁ በኋላ ግን ቅር ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ስትኖር እሷን አንድ ቀን «እንዴት ዋልሽ?» ብሏት አያውቅም።

የቀን መቁጠሪያውም ጉድ ነበር። ካርቱኑ ላይ መጋቢት ስለሆነ ቶኩጂ ከመጋቢት ሌላ ወር አላሳይም አለ። ውጪው ሐምሌ ሆኖ ሰው በላብ ሲጠመቅ እነሱ ቤት ግድግዳ ላይ መጋቢት ነው። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዋ ያለፈባት በዚሁ ሰበብ አይደል!

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በካርቱኑ ውስጥ ሽማግሌው ሚስቱ ሞታበታለች፤ ፎቶዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መጀመሪያ የመጣችው ልጅ ኪኑዮን ከጓዳ ስትወጣ ስታያት «እንዴ! እርስዎ አሉ?» ብላ ጮኸች።

«አለሁ፣ ምን ላድርግ?» አለቻት ኪኑዮ።

ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ሳቀች። ፎቶ ሲነሳ ግን የእሷ መኖር ሥዕሉን ያበላሻልና ጓዳ መግባት ልማዷ ሆነ። ልጆቹ ሲሄዱ ደግሞ አንድ በአንድ በመጋረጃው አንገታቸውን አስግገው «አክስቴ፣ ደህና ይሁኑ» ይላሉ። «ጓዳዬን ለማየት ነው እንጂ!» እያለች ታጉረመርም ነበር።

ቶኩጂ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ ሄደ። ልቡ ነው። ለለቅሶው ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው መጡ። ከካርቱኑ ልጆች ግን ዝር ያለ የለም። ያን ሁሉ ዓመት ሻይ ቀድቶላቸው፣ ፈገግታ እንኳ ለእነሱ ሲል ተምሮ! ያኔ ነው ኪኑዮ በሰው ፊት «ካርቱናቸውን ይዘው ገደል ይግቡ፤ ሁለተኛ ስማቸውን እንዳታነሱብኝ!» ያለችው።

«ኪኑዮ! አለሽ?» ወይዘሮ ሃማዳ በጓሮ በር ገባች። ራሷ ከአኩሪ አተር የሠራችውን ቶፉ በጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። ማሳኖሪን ከወንበሩ ሥር ስታየው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቁርጥ ሆነ እንዴ?»

«ምን ይሠራልኛል? እሱ የለ፣ ሰዎቹም ረስተውታል።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የእሱ ልጆች ናቸዋ!»

ወይዘሮ ሃማዳ ሳህኑን አስቀመጠች። «ኪኑዮ፣ ልጆቹ አሁንም ማረፊያው ላይ ናቸው እኮ።»

«ምን?»

«ጀልባ ማረፊያው ላይ። ከለቅሶው ሰሞን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ወደዚህ ቤት ዞረው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ በዚያው ጀልባ ይመለሳሉ። ፎቶ እንኳ አያነሱም። ‹ሂዱና በሩን አንኳኩ› ብላቸው ‹የሐዘን ወረቀት ተለጥፏል፤ ሐዘንተኛዋን ማስቸገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው› አሉኝ።»

«አንቺስ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ስማቸውን አታንሱብኝ አላልሽም? ላስቸግርሽ አልፈለግኩማ!»

እኛ የዚህ አገር ሰዎች እንዲህ ነን። ሰው ላለማስቸገር ስንል ሰውን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንተወዋለን፤ ይኼንንም ጨዋነት እንለዋለን።

ኪኑዮ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ወጣች። ማሳኖሪ «እናቴ፣ ወዴት ነው?» ቢላት አልሰማችውም። ማረፊያው ላይ አምስት ስድስት የሚሆኑ ወጣቶች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ሲያዩዋት ደንግጠው ሁሉም አንድ ላይ አጎነበሱ። አንዷን አወቀቻት። ኮኖሚ ናት፤ ከኦሳካ በየመጋቢቱ እየመጣች የምትቆረጠው። ፀጉሯ ትከሻዋን አልፏል።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ አስቸገርንዎት...»

«አዎ፣ አስቸገራችሁኝ!» አለች ኪኑዮ። «ሳትመጡ ቀርታችሁ አስቸገራችሁኝ! የረሳችሁት መስሎኝ እኮ ነው። ተናድጄባችሁ ነበር፣ በጣም ተናድጄባችሁ ነበር።»

ኮኖሚ አለቀሰች። «እንዴት እንረሳቸዋለን? ሁልጊዜ ተቆርጠን ስንነሳ አጎቴ የሚሉን ነገር ነበር። ‹ካርቱናችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ የኔ ሚስት አለች። እሷን ሳይሰናበት ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም› ይሉናል። ደግሞ በሹክሹክታ ነበር፣ እርስዎ እንዳይሰሙ።»

ኪኑዮ አፏን በእጇ ያዘች። እነዚያ በመጋረጃው የሚሰግጉ አንገቶች ሁሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት፣ ቶኩጂ የላካቸው ነበሩ። እዚያው ማረፊያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ልጆቹም ጨዋነታቸውን ረስተው ከበቧት።

ቤት ሲደርሱ ማሳኖሪ ስልኩን ይዞ በር ላይ ቆሟል። «እናቴ፣ ሰውዬው መልስ እየጠበቀ ነው። ምን ልበለው?»

ኪኑዮ በአጠገቡ አልፋ ገባች። ቤቱን ሲለካበት ቆይቶ ወንበሩ ላይ የተወውን ሜትር አንስታ ሰጠችው። «አሁን ደንበኛ ይዣለሁ በለው።»

«እናቴ...»

«ኋላም እይዛለሁ በለው። ኮኖሚ፣ ነይ ተቀመጪ፤ ፀጉርሽ ረዝሟል።»

ማሳኖሪ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው። የቀሩት ወጣቶች ግድግዳውን ታክከው ቆሙ። ኪኑዮ ለአፍታ ጓዳ ልትገባ አሰበች፤ ከዚያ የምትቆርጠው እሷ መሆኗ ትዝ አላት፤ ቁርጡን እንደሆነ ቶኩጂ በገዛ ራሷ ላይ ሲለማመድ በመስታወቱ አጥንታዋለች።

ነጩን ጨርቅ ልጅቷ አንገት ላይ ልታስር ስትል እጇ ቀዝቃዛ መሆኑን አስተዋለች። በእነዚህ እጆች መጨረሻ የነካችው ሰው ቶኩጂ ነው፤ ሬሳው ሳጥን ሳይገባ ጢሙን ስትላጨው ጉንጩ በረዶ ነበር። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈተችና ሁለቱን እጆቿን ከሥሩ ዘረጋች። ቀልተው እስኪግሉ ድረስ አቆየቻቸው። ከዚያ በፎጣ አድርቃ፣ በቀስታ፣ የልጅቷ ማጅራት ላይ አሳረፈቻቸው።