ሾዴ ያላለችው

ሊሚ የሶሲዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ነው፤ እናቷ ሾዴም ከእነሱ አንዷ ናት። አማካሪዋ «ከኢንተርኔት የለቃቀምሽውን አልቀበልም፤ ምሁራን ገምግመው ያሳለፉትን አምጪ» ስላለቻት ወደ ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ሄደች።

የላይብረሪው ሠራተኛ አብራር በዳታቤዙ መፈለጊያ ላይ የደረደረችውን ረጅም ጥያቄ አይቶ ሳቀ።

«ይሄ ሰው መሰለሽ እንዴ? ዋና ዋና ቃላቱን ብቻ ስጪው። ሸክላ፣ ሴቶች፣ አዲስ አበባ። ደግሞ ቀጨኔን በእንግሊዝኛ ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚጽፋት። አንዱ እምቢ ሲልሽ በሌላው ሞክሪ።»

በአራተኛው አጻጻፍ አንድ ጽሑፍ ወጣ። የሸክላ ሠሪ ሴቶች ልጆች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ የሚያትት ነው። ሊሚ ደስ ብሏት ከፈተችው። ሦስተኛው ገጽ ላይ እናቷ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጣ ድስት ስታለሰልስ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ከሥሩ «ወ/ሮ ሾ.» ይላል፤ ቀጥሎም «ለሴት ልጅ ጭቃው ይበቃታል» ብላለች ይላል።

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች። አንባቢው ሁሉ ዞሮ አያት።

ቤት ገብታ ለእናቷ አነበበችላት። ሾዴ እጇን ሳትታጠብ ብድግ አለች።

«ያ ድምፅ መቅጃ ይዞ የመጣው ሰውዬ? ‹ለእኔ ጭቃው ይበቃኛል፣ ልጄ ግን ትማርልኝ› ነው ያልኩት! አንቺን ለማስተማር ስንት ዓመት አፈር በጀርባዬ ተሸከምኩ? ደግሞ ‹ሾ.› ምንድን ነው? ስም የለኝም?»

«ስምሽን የደበቁት አንቺን ለመጠበቅ ነው፣ እማዬ።»

«ፊቴን አውጥተው ስሜን ደበቁልኝ? ጻፊላቸው! ሾዴ ናት ያለችው በይ።»

ሊሚ ጽሑፉን ላወጣው መጽሔት አዘጋጆች ጻፈች፤ የድምፅ ቅጂው እንዲሰማም ጠየቀች። ሁለት ወር ቆይቶ መልስ መጣ። ቅጂው ተሰምቷል፤ ንግግሯን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ሰው ግማሹን ቆርጦ ቀሪውን አጣሞታል። እርማት ወጥቷል፤ ይቅርታም ጠይቀዋል።

ሊሚ ደስታዋን ለአብራር ልትነግረው ሄደች። እሱ ግን ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ ተጫነ።

«ይህን ጽሑፍ የጠቀሱት እነዚህ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ።»

አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አንዱ «የቀጨኔ እናቶች ትምህርትን ይጠላሉ» ብሎ ደምድሟል። ሌላው እናቶቹን «የሚያስተምር» ፕሮጀክት ነድፏል። ቀጨኔን የረገጠ የለም፤ ሁሉም አንዱ ከሌላው ገልብጦ ነው የጻፈው። ወደ አብራር ዞረች።

«እርማቱን እነዚህ አይተውታል?»

«አይመስለኝም» አለ አብራር። «አንዴ የጠቀሰ ሰው ተመልሶ አያይም።»

ለአሥራ ዘጠኙም ጻፈች። አምስቱ አመስግነው መለሱ። አንዱ «ትልቁን ድምዳሜ አይለውጠውም» አላት። የቀሩት ዝም አሉ።

ጽሑፏን በእንግሊዝኛ ባቀረበችበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ «ቋንቋሽ ላይ ንዴት ይታያል፤ ተመራማሪ ገለልተኛ መሆን አለበት» አላት።

ሊሚ የአሥራ ዘጠኙን ጽሑፎች ዝርዝር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ገለልተኞቹ እነዚህ ናቸው» አለች። «አንዳቸውም እናቴን አልጠየቋትም።»

ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሾዴ እንግሊዝኛውን አልሰማችም፤ የልጇን ድምፅ ግን ሰምታ ቀና ብላ ተቀመጠች።