ሁለተኛዋ ኮምፕሬሰር

አየር በነጻ ነው የሚል ሰው የኮምፕሬሰር ክፍል ገብቶ አያውቅም። በካርቶን ፋብሪካው ጓሮ፣ ከቆርቆሮ በር ጀርባ፣ አየሩን ስበውና ጨምቀው በጣሪያ ሥር በተዘረጋው ቱቦ ወደየማሽኑ የሚልኩ ሁለት ኮምፕሬሰሮች ነበሩ። ሲገዙ አንዷ ለሥራ፣ አንዷ ለክፉ ቀን ነበር። የክፉ ቀኗ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላረፈችም። ለምን እንደሆነ የሚያውቀው መካኒኩ ብቻ ነበር፤ እሱም ትንፍሽ አላለም።

እሁድ ዕለት ኢንጂነሯ መጣች። የፋብሪካው የመብራት ፍጆታ ከልክ አለፈ ተብሎ የተጠራች፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። ማሽኖቹ ሁሉ በቆሙበት ቀን የመጣችው አውቃ ነው። መካኒኩን አስከትላ ባዶው አዳራሽ መሐል ቆመች።

«እስቲ ያዳምጡ» አለችው።

አዳመጠ። ከጣሪያው፣ ከግድግዳው፣ ከየማሽኑ ሆድ ሺሺሺ ይላል። በሥራ ቀን በጫጫታ የሚሸፈነው ፉጨት ሁሉ ባዶ ቤት አግኝቶ ይፈነጭ ነበር።

«ዛሬ አንድም ማሽን አይሠራም። ታዲያ ኮምፕሬሰሮቹ የሚለፉት ለማን ነው?»

«ለቀዳዳው» አለ መካኒኩ፤ መቀለዱ ነው። እሷ አልሳቀችም። ኮምፕሬሰር ክፍል ገብታ የግፊቱን ጌጅ አየች።

«ስምንት ተኩል! ስድስት ተኩል እኮ ይበቃችኋል። ይሄን ማነው የጨመረው?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ምላሱ ሳታማክረው ቀደመችው። «በፊት የነበረው ኦፕሬተር ይመስለኛል» አለ። ኢንጂነሯም ጻፈችው። ያ በፊት የነበረው ኦፕሬተር የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ እጁን ይዞ እዚሁ ፋብሪካ ያስቀጠረው፣ እስከ ዛሬም «ጋሼ» የሚለው ሰው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት የሙጫ ማሽኑ አየር አነሰውና ቆመ። የክፍሉ አለቃ ይጮኻል። ቱቦ ለቱቦ እየተንጠላጠሉ ቀዳዳ መፈለግ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ መፍቻ ይዞ ግፊቱን መጨመር ግን የሁለት ደቂቃ። መካኒኩ ሁለት ደቂቃዋን መረጠ። ማሽኑ ተነሣ፣ አለቃውም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ምሳ ጋበዘው። ግፊት ሲጨምር ግን በየቀዳዳው የሚያመልጠውም አየር ይጨምራል። አንዷ ኮምፕሬሰር አልችል ስትል ሁለተኛዋ ተነሣች፤ ተነሥታም በዚያው ቀረች። ጋሼ በሁለቱ መሐል ጆሮው ውስጥ ጥጥ ጎስጉሶ ስምንት ዓመት ዋለ።

አንድ ቀን «አንተ፣ ይቺ ሁለተኛዋ ምነው ዕረፍት አጣች? ጭንቅላቴን በላችው እኮ» ብሎት ነበር።

«ሥራ በዝቶ ነው ጋሼ» አለው። ዓይን ዓይኑን እያየ ነው ይህን ያለው።

አምና ጋሼ ጡረታ ሲወጣ ግራ ጆሮው ጨርሶ ደንቁሮ ነበር፤ ቀኙም ካልጮኹበት አይሰማም።

ኢንጂነሯ ከመጣች ወዲህ መካኒኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ መሰላል ላይ ዋለ። መገጣጠሚያውን ሁሉ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ ከተነፋ ቀዳዳው እዚያ ነው። ያረጀ ጎማ ቀየረ፣ የላላ ማሰሪያ አጠበቀ። ስልሳ አንድ ቀዳዳ ደፈነ። የሥራ ባልደረቦቹ «ሰውዬ፣ ምን ገባብህ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱን ግን ያቃጠለው የሥራው ቅለት ነበር። አብዛኛው ቀዳዳ መፍቻውን ሁለት ዙር ከማዞር በቀር ምንም አልፈለገም። ያቺን ሁለት ዙር ሰስቶ ነው የወንድሙን ጆሮ ያስበላው።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ግፊቱን ወደ ስድስት ተኩል አወረዱትና ሁለተኛዋን አጠፏት። ማሽኖቹ እንደ ወትሮው ሠሩ። ኮምፕሬሰር ክፍል ውስጥ ሰው ሳይጯጯኽ መነጋገር ቻለ። ኢንጂነሯ «ይሄ ሁሉ የሳቸው ድካም ነው» ስትል ሠራተኛው አጨበጨበ፤ እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጭብጨባው እስኪያልቅ እንኳ መታገሥ አልቻለም።

«ያንን የጻፉትን ይሰርዙልኝ» አላት። «ግፊቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችው፤ ሰረዘችና «ምንም አይደል፣ በየፋብሪካው ያለ ነው» አለችው። ለሷ ነገሩ የመብራት ጉዳይ ነው። እንዲህ በቀላሉ ሲታለፍለት ጭራሽ ባሰበት።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወንድሙ ቤት ሄደ። ጋሼ ግቢው ውስጥ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ሚስቱ ልብስ ታሰጣለች፤ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶች ያወራሉ። መካኒኩ አጠገቡ ቁጢጥ አለና መንገዱን ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የመጣውን ነገር አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሲጨርስ ዕንባው ቀርቦ ነበር።

«እ?» አለ ጋሼ፣ መዳፉን ቀኝ ጆሮው ላይ ደግኖ። «ጮክ በል እንጂ! ምን እንደ ሙሽራ ያሽኮረምምሃል?»

ለሌላ ሰው ቢሆን ሹክ ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ለዚህ ሰው ግን አይቻልም፤ እንዳይቻል ያደረገውም ራሱ ነው። ተነሥቶ ቆመና ጮኸ።

«ግፊቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ! ቀዳዳ መፈለግ ሰንፌ ነው! ሁለተኛዋ መሥራት አልነበረባትም፣ ጋሼ! አንድም ቀን! ጆሮህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

የጎረቤት ወሬ ቆመ። ሚስትየው እርጥብ ልብስ እንደያዘች ዞረች። ጋሼ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አሁንስ?» አለ። «አሁንም ትሠራለች?»

«የለም! ዛሬ አጠፋናት!»

ጋሼ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ግራ ጆሮውን ነካ።

«እዚህ አልጠፋችም» አለ። «ሌት ተቀን ትሠራለች።»

መዶሻውን አነሣ። «በል፣ ይሄን እግር ያዝልኝ» አለው። መካኒኩ ተንበርክኮ የወንበሩን እግር ያዘ።