ከመስኮት የታየው ምድር

«ላይኛው የቱ ነው?» አለ ሙሉነህ፣ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ወዲህና ወዲያ እያዞረ።

ወይዘሮ ሮሃ ሳቁ። «እሱን እኔም አላውቅ። ደስ ባለህ በኩል ስቀለው።»

ሙሉነህ ካምፓላ፣ ሜንጎ ሰፈር ውስጥ የሥዕል ፍሬም መሥራት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ሰምቶ አያውቅም። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት የበረራ አስተናጋጅ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው እዚያው ከተማ፣ ኪሱጉ ሰፈር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ በሳምንቱ ኮሮና ኤርፖርቱን አስዘጋው። ቤት መዋሉ ሲሰለቻቸው ቀለም ገዙ። የሚሥሉት አገር የትም የለም፤ እንደ ተተረተረ ሹራብ ክር የሚጠማዘዝ ወንዝ፣ አጠገቡ የጨው ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ በረዶ የለበሰ ጋራ፤ ሁሉም ከሰማይ የታየ። ሙሉነህ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እንኳ ሥዕሎቹን ቶሎ መልሶ አያውቅም። ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲያያቸው ይሰነብታል።

የኮሮናው እገዳ ተነስቶ ትምህርት ቤቶች በተከፈቱ ሰሞን አዲስ ሥዕል ይዘው መጡ። በቀይ መሬት ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ትሄዳለች።

«ይቺ የሞያሌ መንገድ አይደለችም?» አላቸው።

«ሳትሆን አትቀርም። ወደ ናይሮቢ ስንበር ሁልጊዜ እመለከታት ነበር።»

«እኔ በጭነት መኪና ነው የመጣሁባት። ሦስት ቀን።» ትንሽ አመነታ። «ሥዕልዎ ልብ ይሰርቃል። ግን አቧራው የለም። መኪናው ሲበላሽብን አሥራ አንድ ሰው አንዲት ግራር ሥር ተጠለልን፤ ጥላው ሲዞር አብረን ስንዞር ዋልን።»

ይቀየሙኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። እሳቸው ግን በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ጥላው ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?»

ሙሉነህ አስቦት አያውቅም። ዓይኑን ጨፈነ። «ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል።»

«አየህ፣ እኔ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ነው የኖርኩት» አሉ። «ምድርን ሠላሳ ዓመት አየኋት እንጂ አልረገጥኳትም።»

በሳምንቱ ልጃቸው «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ በአውቶቡስ?» እያለች ብትለምን ብትቆጣም፣ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ደረቅ አገር፣ ወደ ካራሞጃ ሄዱ። ሦስት ሳምንት ቆይተው ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጫማቸው ተቀዶ ተመለሱ።

ከወር በኋላ ያመጡትን ሥዕል ሙሉነህ ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። ወንዙ እንደ ድሮው ከላይ የታየ ነው፤ ዛፎቹ ግን ከሥራቸው ቆሞ ሽቅብ ባየ ሰው ዓይን የተሣሉ ናቸው። ሁለቱ እንዴት እንደተስማሙ ሊገባው አልቻለም። ብቻ ተስማምተዋል። ከፍ ብሎ የሚበርና በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድ ላይ ሆነው ያዩት አገር ይመስላል።

«እንዴት አደረጉት?» አላቸው።

«እኔ እንጃ። አሥር ጊዜ አበላሽቼዋለሁ።» ከዚያ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ «ዓርብ በጀልባ ሐይቁ ውስጥ ወዳሉት ሴሴ ደሴቶች ልሄድ ነው። አንተስ ሐይቁን አይተኸዋል?»

ሙሉነህ አፈረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከካምፓላ ወጥቶ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ሄደ።