ይህ ሶል የማን ነው?

ወስፌ ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ ሠፈሩ ነው። ጫማ ሰፊ ስለሆንኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምላሴም ይወጋል። አልከፋኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት አባቴ ባስቀመጠው ጠረጴዛ ላይ፣ አባቴ ባስከፈተው መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ጫማ ስጠግን ኖሬያለሁ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያ የመስኮት ብርሃን ከሌለ ጥቁር ክር በጥቁር ቆዳ ላይ አይታየኝም። ይህን ወንድሜ አሳምሮ ያውቃል።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ሱቁ የጋራችን ነው። እሱ ከፊት ለፊት በመስታወት መደርደሪያ አዲስ ጫማ ይሸጣል፣ እኔ መስኮቱ ጋ አሮጌውን አድናለሁ። አንድ ቀን ላፕቶፕ ያንጠለጠለ ሰውዬ አስከትሎ መጣና "እትዬ፣ ለሱቁ ፔጅ ልንከፍት ነው፤ ባለሙያ አመጣሁ" አለኝ። ቀጥሎ ያለውን እንደ ዋዛ ጣል አደረገው። ጠረጴዛዬ ፎቶ ውስጥ ሲገባ የሱቁን መልክ ያበላሻል አሉ። ስለዚህ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ወደ ኋላ፣ ወደ መጋዘኑ ይገባል። መጋዘኑ መስኮት የለውም።

"አምፖል አስገባልሻለሁ" አለ።

"ለራስህ አብራው፤ የምትሠራው ይታይህ እንደሆነ" አልኩት።

"እማማ፣ አይቆጡ። ዘመኑ የገጽታ ነው" አለ ባለሙያው። ይህ ራሰ በራ ቢያንስ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። እማማ ያለኝን እስካሁን አልረሳሁለትም።

ፔጁን ሠርተው አሳዩኝ። ከላይ የተለጠፈው ትልቁ ፎቶ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የምትሮጥ ቆንጆ ሴት ነው። በባዶ እግሯ። የጫማ ሱቅ ፔጅ ላይ ጫማ የሌላት ሴት! መልእክት የላከ ሰው ሁሉ "ውድ ደንበኛችን፣ እርስዎን ማገልገል ክብራችን ነው" የሚል መልስ በራሱ ይደርሰዋል። በሁለት ሳምንት ሃያ ሦስት ላይክ መጣ። ስሞቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ከባለሙያው በቀር ሁሉም ዘመድ ነው።

አንድ ነገር ግን ተሳስተዋል። የወንድሜ ስልክ ቁጥር ከዚህ በፊት ከፍቶ በተዋቸው ፔጆች ተይዞ ስለነበር (የሶፋ፣ የማር፣ አንድ ሰሞን ደግሞ የመኪና ዕቃ) ይህኛውን የከፈቱት በእኔ ቁጥር ነው። ወደ ፔጁ መግባት የፈለገ ሰው ስድስት አሃዝ ይጠየቃል፤ አሃዙ የሚመጣው እኔ ስልክ ላይ ነው። እነሱ ሲነካኩት አጠገባቸው ሆኜ እያንዳንዱን ነገር ሳይ ነበር። ጫማ ፈትታ የምትገጥም ሴት ፔጅ አያቅታትም።

ሰኞ ጠዋት ባለባዶ እግሯን አወረድኳት። በምትኳ ግድግዳዬን ለጠፍኩ።

ግድግዳዬ እንዲህ ነው። አባታችን አሮጌ ሶል ነቅሎ አይጥልም ነበር። ቀን ጽፎ በሚስማር ያንጠለጥለዋል። ደንበኛው "አዲሱ ሶል ቶሎ አለቀብኝ" ብሎ ቢመጣ የድሮውን አውርዶ ያሳየዋል፤ አረማመዱ ምን ላይ እንደሚበረታ እዚያው ይታያል። "ፊት ይዋሻል፣ ሶል አይዋሽም" ይል ነበር። እኔም አልተውኩትም። ከግድግዳው አንዱን ሶል አውርጄ ፎቶ አነሳሁና "ይህ ሶል የማን ነው? ሥራውን ንገሩኝ" ብዬ ጻፍኩ። ያንን "ክብራችን ነው" የሚለውንም አጥፍቼ "ጫማዎን ገልብጠው ያሳዩኝ። ፊቱን አልጠየቅኩም" የሚል ተካሁበት።

ጉድ ፈላ። አንዱ የዘበኛ ነው ይላል፣ ሌላው የአስተማሪ። አንዷ "የቀኙ ታኮ ብቻ ነው ያለቀው፤ ሹፌር መሆን አለበት፣ የባሌም እንዲህ ነው" ብላ አገኘችው። በማግሥቱ የአስተናጋጅ ለጠፍኩ፤ ሁለት መቶ ሰው ተከራከረበት። የራሳቸውን ሶል እየገለበጡ የሚልኩም መጡ። አንዳንዶቹ ጫማውን ራሱን በፌስታል ይዘው መስኮቴ ጋ ደረሱ።

ወንድሜ ሲያይ ደሙ ፈላ። "አዋረድሽኝ፣ እትዬ። የሰው ጭቃ ለጥፈሽ በከተማው መሳቂያ አደረግሽኝ።"

"ጎብኚው ግን..." ብሎ ባለሙያው ጀመረና የወንድሜን ፊት አይቶ ተወው።

"ቅዳሜ ጠረጴዛው ይነሳል" አለ ወንድሜ። "አለቀ።"

ያን ቀን ከግድግዳው ጥግ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልነካሁትን ሶል አወረድኩ። የቀኝ እግር ነው። ታኮው አዲስ ሊባል ይችላል፤ መሐሉ ግን ተበልቶ፣ የብረት አበባ የመሰለ ምልክት ታትሞበታል። "ይህስ የማን ነው? መልሱን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቴ ጋ እናገራለሁ" ብዬ ለጠፍኩት። ወንድሜ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፍ ስለነበር ያውቀዋል ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያውቀው ፈልጌ ነበር።

ፔጁ ስልኩ ላይ እንደተከፈተ ስለነበር ማታውን በሱቁ ስም ኮመንት ጻፈ። "የለማኝ ጫማ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን፣ በቅርቡ ይነሳል።"

አነበብኩት፤ እንባዬ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ ራሱ አናደደኝ። ፓስወርዱን ቀይሬ ከፔጁ አስወጣሁት። ኮመንቱን ግን አልሰረዝኩትም። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል፤ ይፍረዱት ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ሁለት ወዛደሮች ይዞ መጣ። መስኮቱ ውጭ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። ጠረጴዛዬን ከመሬት ከፍ ሲያደርጉት አንዲት ልብስ ሰፊ አንገቷን አስግጋ "መልሱን ሳትነግሪን ወዴት ነው የሚወስዱት?" አለች። "እኔ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ነው ብያለሁ።"

"ወንድሜ ይንገራችሁ" አልኳት። "እሱ የለማኝ ነው ብሏል።"

ሶሉን እጁ ላይ አኖርኩት። ከዚያ ጥግ ላይ ካለው አሮጌ የእግር ስፌት መኪና ላይ ሸራውን ገፈፍኩ። የፔዳሉ ብረት የአበባ ቅርጽ አለው። ሶሉን ከእጁ መልሼ ፔዳሉ ላይ ገጠምኩት፤ አበባው አበባው ላይ ልክ ተቀመጠ።

"በዚህ እግር ነው ያስተማረህ" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "እማን ላይ ተቀምጠህ እማንን ታማለህ? አባታችን ካረፈ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት በአጠገቡ አለፍክ፤ አንድ ቀን የማን ነው ብለህ አልጠየቅክም።"

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን በጣቱ ነካው። ወዛደሮቹ ጠረጴዛውን እንደያዙ "ጌታዬ፣ እንውሰደው ወይስ እንተወው?" አሉት። እሱ ግን ስልኩን አወጣና ነካካው፤ ኪሴ ውስጥ የእኔ ስልክ ጮኸ።

"አሃዙን ንገሪኝ፣ እትዬ" አለ ቀና ሳይል።

"መጀመሪያ ጠረጴዛዬን።"

በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ከመስኮቱ ሥር፣ ከነበረበት መለሱት። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩና መነጽሬን አድርጌ ስድስቱን አሃዝ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "የለማኝ" ያለውን አጠፋና ሌላ ጽፎ አሳየኝ። "የአባቴ ነው" ይላል።

"የአባታችን በል" አልኩት።

አስተካከለው። እኔም ልብስ ሰፊዋን "በይ ጫማሽን አምጪው" አልኳት።