መኪናዎቹ የት ይቁሙ?

ልዑልሰገድ ሄድቪግ ሎማንን ለረጅም ዘመን ያለ ጥፋቷ ሲወቅሳት እንደኖረ ዛሬ ሳያፍር ይናገራል። በወጣትነቱ ጀርመን አገር ሲማር፣ ስለ አንድ ወንዝ መሞት የጻፈችውን ልብ ወለድ አንብቦ በእንባ ታጥቧል። ደራሲዋ ግን ከዚያ መጽሐፍ በኋላ ብዕሯን አስቀምጣ የከተማ ምክር ቤት፣ ቀጥሎም የፓርላማ አባል፣ የወንዝና የደን ጠበቃ ሆነች። ሥልጣን ያማለላት መሰለው፤ እንደ ክህደትም ቆጠረው። ከጡረታ በኋላ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማው የሕይወት ታሪኳን ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ ብዕሯን የተወችበት ምዕራፍ ላይ እጁ አልታዘዝ አለው።

«እስከ መቼ ታኮርፋታለህ?» እያለች ባለቤቱ ዓባይነሽ ትስቅበታለች። «ሴትዮዋ እንደሆነች አታውቅህ!»

በዚያ መከር ግን ልቡን የያዘው ሌላ ጉዳይ ነበር። የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንጉን ለማስፋት ከጀርባው ያሉትን አድባር የሚያካክሉ የኦክ ዛፎች ሊቆርጥ አስቧል። ምክንያት አልጠፋም፤ ከቅዳሴ በኋላ «ግራጫ ካምሪ፣ የቨርጂኒያ ታርጋ፣ መውጫ ዘግተሃል!» ተብሎ በድምፅ ማጉያ የማይለፈፍበት እሑድ አልነበረም። ልዑልሰገድ በጉባኤው ላይ ተነሥቶ ተናገረ። ንግግሩ በግእዝ ተከፍቶ፣ በጀርመን ፍልስፍና አልፎ፣ አገር ቤት ደብርን ከሩቅ የሚያስታውቀው ዛፉ መሆኑን አስረግጦ ተዘጋ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ዓይናቸውን የጠረጉም ነበሩ። ከዚያም እጃቸውን አውጥተው ዛፎቹ ይቆረጡ አሉ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም!» አለው የኮሚቴው ሰብሳቢ ኪራኮስ፣ ከልቡ። ውሳኔውን ለማጽደቅ የቀረው አንድ ስብሰባ ብቻ ነበር።

ሄድቪግ ያን ሰሞን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር ልጇ ዘንድ መጥታ ነበርና፣ ልዑልሰገድ ለትርጉሙ ጥያቄዎች ይዞ ሄደ። አሮጊቷ በከተማዋ ወንዝ ዳር ፀሐይ እየሞቀች አይስክሬም ስትበላ አገኛት።

«ድርሰትን ለምን ተዉት?» ሲል የዘመናት ቂሙን ገና ሳይቀመጥ አወጣው።

«መጽሐፌን አንብቦ ያላለቀሰ አልነበረም» አለች። «ወንዙን የመረዘው የፋብሪካ ባለቤት እንኳ አልቅሶ መጽሐፉን አስፈርሞኛል። በማግሥቱ ዝቃጩን እንደ ልማዱ ለቀቀው። ምክር ቤት የገባሁት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬም ዝቃጩ ሌላ ወዴት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ ነበር። እንዴት ያለ አሰልቺ ሥራ መሰለዎ!»

ልዑልሰገድም ስለ ኦኮቹ፣ ስለ ንግግሩ፣ ስለ ጭብጨባውና ስለ ውሳኔው አጫወታት። ሄድቪግ አይስክሬሙ ቀሚሷ ላይ እስኪንጠባጠብ ሳቀች።

«ለመሆኑ መኪናዎቹ የት እንደሚቆሙ ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንግዲያውስ እርስዎም የጻፉት ልብ ወለድ ነው።»

ልዑልሰገድ ተናደደ፤ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ድልድዩ ላይ ብቻውን ይስቅ ጀመር። መኪናውን የምትነዳው ዓባይነሽ ጤንነቱን ተጠራጠረች።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እሑድ እሑድ ግቢው ባዶ የሚውል የቢሮ ሕንፃ አለ። ልዑልሰገድ አጥሩን ሲያየው ኖሯል፤ በሩን ግን አንኳኩቶ አያውቅም ነበር። አሁን አንኳኳ። የሕንፃው ኃላፊ ግቢውን ፈቀደ፤ ግዴታው መኪናዎቹን ከማለዳ ጀምሮ በሥርዓት የሚያስቆም ሰው እንዲኖር ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ግእዝም ፍልስፍናም አልተሰማም። ልዑልሰገድ ፈቃዱንና ግዴታውን ተናግሮ ተቀመጠ።

«መልካም» አለ ኪራኮስ። «ግን ጋሼ፣ ዊንተር እየገባ ነው። በዚያ ብርድ ውጭ የሚቆመው ማነው? ቮለንቲር ስንል እኮ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው።»

ልዑልሰገድ ከፊት ረድፍ ያለውን፣ ለዓመታት ያስቀደሰበትን ቦታውን አሰበ።

«እኔ» አለ።

«እሱ!» ዓባይነሽ ከሴቶቹ መሐል ጮኸች። «እኛ ቤት የምነዳው እኔ ነኝ! እሱ እንኳን የሰው መኪና ሊያስቆም፣ የኛንም ከሌላው አይለየው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«መንዳት አልችልም» አለ ልዑልሰገድ፣ ራሱም እየሳቀ። «ማስቆሙን ግን እማራለሁ።»

በዚህኛው ንግግሩ ማንም አላጨበጨበም። እጆች ግን ወጡ፤ የኪራኮስም እጅ አብሮ ወጣ።

እምቢ ያለው ምዕራፍ በዚያው ሳምንት ተተረጎመ። እሑድ ማለዳም ልዑልሰገድ በካፖርቱ ላይ ብጫ ሰደርያ ደርቦ፣ መኪናዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጎረቤቱ ግቢ አስገባ። ኦኮቹ አልተቆረጡም።