የማን ጉሮሮ

እኔ ሬሐና ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር፣ የፕላስቲክ ዕቃ ስሸጥ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቁጣ ባይኖረኝ ሱቁም አይቆምም ነበር። እንደ ዘንድሮ ግን ተቆጥቼ አላውቅም።

ነገሩ የልጄ የራቢአ ጉሮሮ ነው። በአሥር ዓመቷ ጉሮሮዋን አመማት፤ ተሻላት ብለን ተውነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ መራመድ አቃታት። የልብ ሐኪሙ ያ የጉሮሮ ጀርም ባመጣው በሽታ የልቧ ቫልቭ ተጎድቷል አለን። "በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ጉሮሮዋ እየደጋገመ ከታመመ ግን ቫልቩ ይበላሽና ቀዶ ጥገና ይመጣል" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ባሳለች ቁጥር የእኔ ልብ ነው የሚቆመው።

አሁን አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። አንድም መርፌ አላሳለፍኩባትም። መድኃኒቱ ቡራዩ ሲጠፋ ባለቤቴ አብዶ ዕቃ ሊያመጣ ሰበታ በሄደበት ፈልጎ ይዞ ይመጣል፤ ሰበታም ከጠፋ ሱሉልታ ይሄዳል። አንዴማ ጫንጮ ድረስ ሄዶ አንዲት ብልቃጥ ይዞ ተመለሰ። ብልቃጡ ሲገኝ ደግሞ የሚወጋ ይጠፋል። አንድ የግል ክሊኒክ "ይህን መርፌ እኛ አንወጋም፤ ሰው ይጥላል" ብሎ ከበር መለሰኝ። "ልጄን የሚጥላትስ አለመወጋቷ ነው!" ብዬ ጮኼባቸው ወጣሁ። በመጨረሻ የተቀበሉን የጤና ጣቢያው አንጋፋ ጤና መኮንን ኦቦ ገርባ ናቸው።

ራቢአ ስትወጋ አታለቅስም። እኔም ሁልጊዜ የምላት አለኝ። "ቁንጫ ናት የነከሰችሽ! ተነሺ በይ፣ ትምህርት ይረፍድብሻል።" ትነሳና ቦርሳዋን አዝላ ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋ ቀላ። ኦቦ ገርባ በባትሪ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መርፌው በአራተኛው ሳምንት ሲደክም ጀርሙ እንደገና ይገባባታል። ከሩቅ አይደለም የሚመጣው" አሉኝ። "ሳይታመም ጀርሙን ተሸክሞ የሚዞር ሰው አለ። የቤቱ ሰው ሁሉ ይመርመር።"

የሁላችንም ጉሮሮ በጥጥ ተጠርጎ ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ እኔ ቤቴ ውስጥ ችሎት ተቀመጥኩ።

"አንተ ነህ!" አልኩት አብዶን። "የሰበታን ነጋዴ ሁሉ ጉንጭ ስመህ ትመጣለህ።"

"ያ አላህ! እኔ ጉሮሮዬን አሞኝ ያውቃል?"

አብራን የምትኖረውን እህቱን ራያንም አልማርኳት። "በራቢአ ብርጭቆ ትጠጫለሽ፤ አይቼሻለሁ።"

"ወላሂ እኔ የራሴ ኩባያ አለኝ!" ብላ አኮረፈች። አብዶም አኮረፈ። እኔ ብርጭቆውን ሁሉ በፈላ ውሃ እየቀቀልኩ ብቻዬን ሳጉረመርም ሰነበትኩ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ከራቢአ ጋር ሄድን። የጥፋተኛውን ስም ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ተቀመጥኩ፤ ለአብዶ የምለውንም አዘጋጅቼ ነበር።

"አብዶ ነፃ ነው። ራያም ነፃ ናት።" ኦቦ ገርባ መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ነሽ፣ ሬሐና።"

"እኔ? ኦቦ፣ ተሳስተዋል! እኔ ጤነኛ ነኝ!"

"ክረምት ላይ ጉሮሮሽን አሞሽ የአሥር ቀን አሞክሳሲሊን አዝዤልሽ ነበር። ጨርሰሽዋል?"

ምን ልበል? በሦስተኛው ቀን ተሽሎኛል። የቀረውን ደግሞ ማን ይጥላል? ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ከመቀሱና ከፕላስተሩ ጋር አስቀመጥኩት። ጎረቤት "ጉሮሮዬን" ባለ ቁጥር ሁለት ሁለት ፍሬ ስሰጥ ከረምኩ። ሙሉዬ ወስዳለች፤ ወንዲም ለልጁ ወስዷል። "ሬሐናዬ፣ ደጓ!" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልጄን በየማታው ጉንጯን ስሜ የማስተኛትም እኔው ነኝ።

"አልጨረስኩም" አልኩ። የቀረውን መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጥኩትም ነገርኳቸው። "አሁን እጨርሳለሁ። በሰዓቱ፣ አንዲት ሳላጎድል።"

"አላምንሽም። የራቢአን መርፌ ነው የምወጋሽ። እሱ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም።"

መጀመሪያ ክንዴ ላይ ለሙከራ ትንሽ ወግተው ግማሽ ሰዓት አስጠበቁኝ። ራቢአ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሰውን ሁሉ ስከስስ እሷን የማሳምማት እኔ ነበርኩ።

አልጋው ላይ በሆዴ ተኛሁ። "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" አሉኝ ኦቦ ገርባ። መርፌው ገባ፤ መድኃኒቱ ግን አልሄድ አለ። ወፍራም ነው፤ ቀስ እያለ ሥጋዬን እየሰነጠቀ የሚወርድ መሰለኝ። ጮህኩ። ኮሪደር ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተውኛል። ልነሳ ስል ቀኝ እግሬ እንቢ አለኝ።

ራቢአ መጥታ ክንዴን ያዘች። ቁንጫ ናት ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

"ቶሎ አትርገጪበት፣ እማ። መጀመሪያ ጣቶችሽን አሳርፊ" አለችኝ። "እኔ እስከ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የምሄደው። ነገ ከሰዓት በኋላ ይለቅሻል።"

ሦስት ዓመት ሙሉ በየአራት ሳምንቱ እንዲህ ሆና ሄዳለች፤ እኔ ከኋላዋ ረፈደብሽ እያልኩ።

"አውፍ በይኝ፣ ልጄ" አልኳት።

ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብላ ከራሷ ቦርሳ ጋር አዘለችው። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመችና ወደ ታች አሳየችኝ።

"እዚህች ደረጃ ላይ ነው በጣም የሚያመው" አለች። "እኔን ያዢኝ።"