የአርባ ቀን መጻሕፍት

ሰውአገኝ የወረቀቱን ስድስተኛ አንቀጽ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በታች ያለውን አላነበበም።

ስብሰባው ጎንደር፣ የዋናው ቤተ መጻሕፍት ላይኛው ፎቅ ላይ ነበር። የተሰባሰቡት የአምስት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች ናቸው፤ የጎንደሩ፣ የአዘዞው፣ የደባርቁ፣ የዛሪማውና ከትክል ድንጋይ ገበያ በላይ ካለችው ከብርሃነ ንባብ ደግሞ እሱ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲከፍታትና ሲዘጋት የኖረ ሰው። ከእንግዲህ አምስቱ አንድ ካታሎግ ይኖራቸዋል ተባለ። ዛሪማ የተቀመጠ አንባቢ አዘዞ ያለውን መጽሐፍ በስልኩ ያያል። ለዚህ ሁሉም መጽሐፉን በአንድ ዓይነት ደንብ መመዝገብ አለበት። ሸጋ ነገር ነው፤ ሸጋ አይደለም ያለም የለም። ስድስተኛው አንቀጽ ግን እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም መጽሐፍ በደራሲውና በርእሱ ይመዘገባል። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ከሁለት ቅጂ በላይ ከተገኘ ትርፉ ወደሌለበት ይዛወራል።»

እጁን አነሣ።

«አቶ አብዮት፣ ትርፍ መሆኑን የሚለየው ማን ነው?»

አብዮት የኅብረቱ አስተባባሪ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ቀጭን፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሲናገር የማይጮኽ ሰው። ሰውአገኝ የማይጮኽ አለቃ አይወድም። የሚጮኽ አለቃ ቢያንስ ሐሳቡ ይሰማል።

«ማሽኑ ነው አያ ሰውአገኝ፤ ራሱ ቆጥሮ ያወጣዋል። እኛ እጃችንን አናስገባበትም» አለ አብዮት።

ሰዎቹ ሳቁ። ሰውአገኝ አልሳቀም። እጃቸውን ካላስገቡበት፣ ሲወስዱት የማንን እጅ ይዤ ነው «ተው» የምል? ብሎ አሰበ።

አጠገቡ የተቀመጠችው የአዘዞዋ ልዕልት ናት። የብዙ ዓመት የሥራ ጓደኛው ነች፤ በየስብሰባው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡ። ጎንበስ ብላ፣ «የአርባ ቀን መጻሕፍትህ ስንት ደረሱ?» አለችው።

«ምነው ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነዋ።»

እንዲያው የሚጠይቅ ሰው ደኅና ናቸው ወይ ይላል እንጂ ስንት ናቸው አይልም። ሰውአገኝ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የአርባ ቀን መጻሕፍት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የከተማዋ የመጀመሪያ ድሬሰር የነበረው አያ ቢያዝን የሞተ ጊዜ፣ ልጁ ማስተዋል በአርባኛው ቀን፣ ተዝካሩ በተበላ ማግስት፣ አባቷ እድሜ ልኩን በእርሳስ ያሰመረበትን የሕክምና መጽሐፍ ይዛ ብርሃነ ንባብ መጣች። «እቤት ከሚቀመጥ ሰው ይየው» አለች። ሰውአገኝ ተቀበላት፤ ካርድ አወጣለት፤ ካርዱ ራስ ላይ የደራሲውን ሳይሆን የአያ ቢያዝንን ስም ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በአርባው ማግስት ሟቹ የያዘውን፣ ያነበበውን ወይም በራስጌው ያኖረውን መጽሐፍ ያመጣል። በመስኮቱ በኩል፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ፣ መስተዋት በር ያለው መደርደሪያ አለ። ቁልፉ አንድ ነው። ሰው ሲመጣ የመጽሐፍ ስም አይጠራም። «አባቴን አውጣልኝ» ይላል፤ ሰውአገኝም ያወጣል።

አርባ አንድ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ አንድ ዓይነት የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ባንድ ማተሚያ ቤት የታተመ፣ ልባሱም አንድ። ለማሽኑ ዘጠኝ ቅጂ ነው። ለትክል ድንጋይ ዘጠኝ ሰው ነው።

በሚኒባስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩን ደጋግሞ አገላበጠው። ከሁለት ወር በፊት አብዮት ለጉብኝት መጥቶ ነበር። ሌላውን መደርደሪያ ባይኑ ቃኝቶ ሲያልፍ፣ ባለመስተዋቱ ፊት ቆመና ስልኩን አውጥቶ አንድ በአንድ ፎቶ አነሣ። «በጣም ልዩ ነው» አለ። ያኔ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ያ ፎቶ የበግ ጥርስ ማየት መሰለው፤ ሊገዛ የመጣ ሰው ነው እንዲያ የሚያይ። ከዚያም የልዕልት ጥያቄ፤ ከዚያም ስድስተኛው አንቀጽ። ሦስቱን ሲደምራቸው የሚሰጡት መልስ አንድ ብቻ ሆነበት፤ መጽሐፎቹን ሊወስዱ ነው። መጀመሪያ ስማቸውን ገፈው፣ ቀጥሎ ትርፍ ብለው።

የመመዝገቢያው ቅጽ በማግሥቱ በቴሌግራም ደረሰው። በየመጽሐፉ ትይዩ «ያለበት ሁኔታ» የሚል ዐምድ አለ፤ ሲነኩት ሦስት ምርጫ ያወርዳል፦ አለ፣ ተጎድቷል፣ ጠፍቷል። ሰውአገኝ ሦስቱን ቃላት ለብዙ ጊዜ ተመለከተ። የጠፋን መጽሐፍ ማን ያዛውረዋል? ደግሞስ ማን ይጠይቃል?

አርባ አንዱንም «ጠፍቷል» አላቸው። ያረጁ ካርዶቹን ከፊቱ ደርድሮ ነበር የሚገለብጥ፤ እጁም እንደለመደ በደራሲው ስም ዐምድ የሟቾቹን ስም ሞላ፤ በኋላ አስተካክላለሁ ብሎ ሳያስተካክል ላከው። ከአብዮት «ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል ብቻ መጣ። ስለ አርባ አንድ የጠፉ መጻሕፍት አንድ ቃል አለመጠየቁ ይበልጥ አስጠረጠረው።

እሑድ፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ መጻሕፍቱን በሁለት ማዳበሪያ ከቶ እቤቱ ወሰዳቸው። ሚስቱ አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከጎታው ጀርባ ሲያደላድል ደረሰችበት።

«ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«የማን?»

«የሕዝብ።»

«የሕዝብ ከሆነ ከእኔ ጎታ ጀርባ ምን ይሠራል?»

«ሊወስዱት ነው።»

«ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝም። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ ማንም ምንም አለማለቱ።»

አልማዝ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። «ሰውየው፣ አንተ ራስህ ለማንም አልተናገርክም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በሁለተኛው ሳምንት አያ አለነ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ፊደል አያውቅም። ልጁ መዝሙር ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለ ነው የሞተበት። ባመቱ በመጣ ቁጥር የልጁን የኬሚስትሪ መማሪያ ያስወጣል፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቅጠሉን ባውራ ጣቱ ይገልጣል፤ ልጁ በስክሪብቶ የሞነጫጨረው ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ ዘግቶ ይመልሳል።

«መዝሙርን አውጣልኝ እስቲ።»

ሰውአገኝ ባዶውን መደርደሪያ አስቀድሞ በጋዜጣ ሸፍኖት ነበር። «ለጥገና ሄዷል አያ አለነ። ጥራዙ ላልቶ ነው» አለ።

«ወዴት ሄደ?»

«ጎንደር።»

«ሲሻለው ላክብኝ» አለ አያ አለነ፤ በትሩን አንሥቶም ወጣ። ሰውአገኝን «ጎንደር» ያለው ውሸቱ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ሲከነክነው ዋለ። ሊወስዱብኝ ነው ያላቸውን ሰዎች ሳይወስዱ ወሰዱ ማሰኘቱ ነበር። ግን አውጥቶ አልመለሰውም። ትንሽ ይለፍ፣ ይርሱት፣ ካታሎጉ ይዘጋ፣ ያኔ አወጣዋለሁ አለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ነው፤ የገበያ ቀን ነበር። ከቤቱ ሲወጣ ጧቱ ረፍዶበታል። ወደ ብርሃነ ንባብ የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምር፣ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየ። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አይቶ አያውቅም። ልዕልት ከአዘዞ መጥታ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ እጇ ላይ የማጣበቂያ ፕላስተር አለ። በሩ ላይ ሁለት ገጽ ወረቀት ተለጥፏል። ማስተዋል ከፊቱ ቆማ፣ ሰምተው ላልጠገቡት ገበያተኞች ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች።

«ቢያዝን፣ ጠፍቷል። መዝሙር አለነ፣ ጠፍቷል። ሐብተ ማርያም፣ ጠፍቷል...»

አንዲት ሴት «ወይኔ የኔን ስም ደግሞ ምነው ዘለልሽው?» አለች። የባሏን ማለቷ ነው።

ልዕልት ስታየው ወረደች። «መጣህ? ስምንተኛው አንቀጽ ነው እኮ። የጠፋ መጽሐፍ ዝርዝር በየቤተ መጻሕፍቱ በር ዐሥራ አምስት ቀን ይለጠፋል፤ ያለው ሰው እንዲመልስ። አብዮት አርባ አንድ ሲያይ ደንግጦ፣ ሰውየውን በስልክ ከምናስጨንቀው ሄደሽ አግዥው ብሎ ላከኝ። ምን ሆነው ነው የጠፉት?»

ሰውአገኝ ከእሷ ዞረ። አያ አለነ በትሩን ተደግፎ እያየው ነበር።

«ሰውአገኝ፣ ታሟል አላልከኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«ይቺ ልጅ ደግሞ ጠፍቷል እያለች ነው። የቱ ነው?»

ከኋላ አንዱ፣ «አሮጌ መጽሐፍ በውድ የሚገዙ አሉ ይባላል» አለ። ሌላው፣ «ቁልፉስ አንድ አይደለም?» አለ። ማንም ሌባ አላለም። የቁልፉ ነገር ግን ከዚያ ቃል ይከፋ ነበር። ሰውአገኝ በኖረበት ከተማ፣ በሚያውቀው ሰው መካከል፣ እሱ አብዮትን ባየበት ዐይን መታየቱ ገባው።

«ቆዩኝ» አለ። «እዚሁ ቆዩኝ።»

ሁለቱን ማዳበሪያ ባንድ ጊዜ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። የማንበቢያው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፋቸው። ዘጠኙ የጸሎት መጽሐፍ፣ ኬሚስትሪው፣ የሕክምናው፣ ሁሉም አለ፤ አንዳንዱ ላይ የጤፍ ብናኝ ተጣብቋል።

«አልጠፉም። ቤቴ ነበሩ» አለ።

 ሰዎቹ ፊት ላይ ግን እሱ የጠበቀው ደስታ አልነበረም።

«ቤትህ ምን ያደርጋሉ?» አለች ማስተዋል።

«ሊወስዷቸው ነበር። ስማቸውን አጥፍተው፣ ትርፍ ብለው ሊበትኗቸው ነበር። ስድስተኛው አንቀጽ ላይ አለ፤ ልዕልት ትናገር።»

ልዕልት ከቦርሳዋ ወረቀቱን አወጣች፤ ገለጠች። «ስድስተኛው አለ። ዐሥራ አንደኛውስ?» አለችና አነበበችው፦ «በመታሰቢያነት የተሰጠ መጽሐፍ የሟቹ ስም በራሱ ዐምድ ይመዘገባል። ቅጂው የቱንም ያህል ቢበዛ ከተሰጠበት ቤተ መጻሕፍት አይዛወርም።» ቀና ብላ አየችው። «አብዮት ያንተን መደርደሪያ ካየ በኋላ ያስገባው ነው። ፎቶ ያነሣውም ለዚህ፣ እኔም ስንት ናቸው ያልኩህ ለዚህ። ወረቀቱን አላነበብከውም እንዴ?»

ሰውአገኝ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። ዐሥራ አንደኛው አንቀጽ አለ፤ ስብሰባ ላይ ከሰጡት ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት ይሁን፣ ወይስ ከዚያ ወዲህ የታደሰ፣ ያን ቀን ኪሱ የከተተውን አውጥቶ ማየት አለበት። የዚያን ቀኑ ኮት ቤት ነው ያለው። አሁንም፣ እዚህም ቆሞ፣ ይህን ማሰቡ ራሱን አሳፈረው።

አያ አለነ ጠረጴዛው ዘንድ ቀረበ። ፊደል አያውቅም፤ የልጁን መጽሐፍ ግን ከአርባ አንዱ መካከል ሳይፈልግ አነሣው። ጋቢው ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ከተተው።

«አያ አለነ፣ እዚህ ይሻለዋል። እቤት አይጥ ይበላዋል።»

«አይጥ ከበላው አይጥ በላው እላለሁ። አንተን ምን እላለሁ?» አለና ወጣ።

እሱን ተከትለው ሌሎቹም ቀረቡ። አንዳንዱ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዱ ሰውአገኝን ሳያይ፣ የየራሱን አነሣ። ዘጠኙን የጸሎት መጽሐፍ ያለ ጠብ ለይተው ወሰዱ፤ ሁሉም የራሱን በሰም ጠብታው፣ በክሩ ያውቃል። ሰውአገኝ አንዱንም አልከለከለም። ጠረጴዛው ላይ ዐሥራ አራት መጽሐፍ ቀረ።

ማስተዋል የአባቷን አላነሣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ለልዕልት፣ «ያንን ላፕቶፕ ስጪኝ፤ እኔ ልመዝግበው» አለች። ልዕልት ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተችውና ዐምዱን አሳየቻት። ማስተዋል የአባቷን ስም ቀስ እያለች ጻፈች፤ «አለ» የሚለውን መረጠች፤ ቀጥላ የቀሩትን ዐሥራ ሦስቱን አንድ በአንድ ከካርዳቸው ላይ እያየች መዘገበች። ሰውአገኝ ከኋላዋ ቆሞ እያንዳንዱን ይከታተል ነበር።

ስትጨርስ መጻሕፍቱን ራሷ ሳይቆለፍ በቀረው ባለመስተዋቱ መደርደሪያ ውስጥ አቆመቻቸው። ጋዜጣውን ገነጠለችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ምንም። እኔ ጋ ይሁን። ሰው ሲመጣ ሁለታችንም እንቁም።»

«አንቺስ ብትወስጃቸው?»

«ያን ጊዜ እኔንም በር ላይ ለጥፈኝ» አለች፤ አልሳቀችም።

የመደርደሪያው ቁልፍ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ቁልፍ ጋር ባንድ የብረት ቀለበት ነው ያለው፤ ከገባ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም። ሰውአገኝ በጥፍሩ ይፈለቅቅ ጀመር። ቀለበቱ ጠንክሯል። ልዕልት ቆማ ታያለች፤ ማስተዋልም እጇን እንደዘረጋች ናት። ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም ግን አላገዘውም።